ሶፍትዌር አንዴ ተጽፎ አያልቅም፦ ከባሕር ዳር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይሄ አንተን ይመለከታል» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። በአገራችን ብቻቸውን የሚሠሩ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ኑሯቸው ለምን እንደማይሻሻል የሚተነትን ነው። ሐሳቡ ሲጠቀለል እንዲህ ይላል፦ ለዚህ ሥራ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ይበቃል፤ ሶፍትዌር አንዴ ከተጻፈ ዕድሜ ልክ ይሸጣል፤ ገበያ ጠበበኝ የሚል ባለሙያ ራሱ ጠባብ ነገር መርጦ ነው፤ በየወሩ ቢያስከፍል ይደላደል ነበር፤ ኮዱን አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚጽፈው ዋጋውን መቀነስ አለበት፤ ይህ ሁሉ ካልሆነለት ጓዙን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ይግባ።

ጸሐፊው በክፋት የጻፉት አይመስለኝም። ወጣቱ እንዲያልፍለት የሚመኝ ሰው አጻጻፍ ነው። ነገር ግን ጽሑፉን ያነበበ አንድ የፖሊቴክኒክ ተማሪ «እውነት እንዲህ ቀላል ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ባሕር ዳር ተቀምጬ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የእድር መዝገብ የሚይዝ ሶፍትዌር እየሠራሁ በእሱ የምተዳደር ሰው ነኝ። የአባላት ስም፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ ከቀብር የቀረ ሰው ቅጣት፣ የድንኳንና የወንበር ወጪና ገቢ፣ ለሐዘንተኛ የሚሰጠው ገንዘብ፣ ይህን ሁሉ ይይዛል። ኮዱንም እኔ እጽፋለሁ፣ ስልኩንም እኔ አነሳለሁ፣ ደረሰኙንም እኔው እቆርጣለሁ።

ላፕቶፕና ኢንተርኔት ይበቃል ለሚለው ረጅም መልስ የለኝም። ሥራውን ሕጋዊ ላድርግ ያለ ሰው ንግድ ፈቃድ ያወጣል፤ እኔ ሳወጣ ለፈቃዱ የሥራ አድራሻ፣ ለአድራሻው የኪራይ ውል ተጠይቄአለሁ። እኔ የምሠራው አልጋዬ አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ለውሉ ስል ግን ብዙም የማልቀመጥባትን አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። መብራት ሲጠፋ ሥራዬ መሀል ላይ እንዳይቆረጥ ዩፒኤስ ገዝቻለሁ። አባላት ሒሳባቸውን በስልካቸው እንዲያዩ መተግበሪያ ልሥራ ስል ደግሞ ጉግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ 25 ዶላር፣ አይፎን ለያዙት ለአፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ያስፈልጋል። ብሩ ኪሴ ውስጥ ቢኖር እንኳ፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ስለ ኢንተርኔቱ ቀጥሎ እናገራለሁ።

«ሶፍትዌር አንዴ ከተጻፈ ዕድሜ ልክ ይሸጣል» የሚለው ግን የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት ነው። ሌሎቹ ስሕተቶች ሁሉ የተወለዱት ከዚህ ስለሆነ ቆም ብዬ ላስረዳ።

ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሰኞ ነበር፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አባይ ማዶ ያለ የአንድ እድር ጸሐፊ ደወሉልኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገርህ ቀኑን አልቀበልም አለኝ።»

«ምን ብለው ሞሉት ጋሼ?»

«ዛሬን ነዋ! ጳጉሜ ስድስት። ‹የተሳሳተ ቀን› እያለ ይመልስልኛል። ለቅሶ አለብን፤ ልጆቹ ድንኳን ሊያወጡ በር ላይ ቆመዋል።»

ድንኳኑን በወረቀት አስፈርመው እንዲያወጡ ነገርኳቸውና ኮዱን ከፈትኩት። ጳጉሜ በ4 ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ 6 ቀን ትሆናለች። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ሲያካፍሉት 3 የሚተርፍበት ዓመት ማለት ነው፦ 2011፣ 2015፣ 2019። እኔ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር በለመደ እጄ፣ ያለ ምንም ትርፍ ለ4 የሚካፈለውን ዓመት ነበር የጻፍኩት። ስለዚህ ፕሮግራሙ በ2012 ያልነበረች ጳጉሜ 6ን ይቀበል ነበር፤ የሞከረው ሰው ስላልነበረ አልታወቀም። በ2015 ደግሞ የነበረችውን ከለከለ። ሥራዬን በ2012 ስለጀመርኩ ይህች ቀን ለፕሮግራሙ የመጀመሪያዋ ጳጉሜ 6 ነበረች። ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ስሕተቱ እዚያው ተቀምጦ ቀኑን ሲጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ማረሙ አንድ ቁጥር መለወጥ ነው፤ 0ን አጥፍቶ 3 መጻፍ። ደቂቃ አልፈጀም። ማድረሱ ነው ሥራ የሆነው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ከወር በላይ ሆኖት ነበር፤ እድሮቹ ደግሞ ከስልካቸው ዳታ ውጪ ሌላ መስመር የላቸውም። ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩና በባጃጅ ዞርኩ። ከቀበሌ 14 ተነስቼ ሽምብጥ፣ ከሽምብጥ ፔዳ አካባቢ፣ ከዚያ በድሮው ድልድይ አባይ ማዶ፤ አዲሱ ድልድይ ያኔ ገና ሥራው አላለቀም። የዋዜማ ቀን ስለሆነ ባጃጁ ሁሉ በግና ዶሮ፣ ቄጤማና አደይ አበባ የያዘ ሰው ጭኖ ነው የሚሄደው። አንዳንዱን መንገድ በእግሬ ጨረስኩት። ያኔ 14 እድሮች ነበሩ የሚጠቀሙበት። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቴ ስገባ 9ኙን አዳርሼ ነበር። የቀሩት 5ቱ የዚያን ቀን ሥራቸውን በወረቀት ይዘው ከበዓል በኋላ አስገቡት።

በዚያ ጽሑፍ ጸሐፊ ሒሳብ ያ ቀን የለም። እሳቸው የቆጠሩት ቁጥሯን ነው፤ ሥራው ግን ቀኑን ሙሉ የዞርኩት ነበር።

ከዚህ ይልቅ ውስጤ የቀረው ሌላ ነገር ነው። አንዲት እናት ወላጅ እናታቸው ያርፉባቸዋል። ገንዘቡ ሊሰጣቸው ስማቸው ሲወጣ ኮምፒውተሩ የ7 ወር መዋጮ አልከፈሉም አለ። ኮሚቴው በደንቡ መሠረት «ይጣራ» ብሎ ክፍያውን አቆየው። እሳቸው «እኔ አንድም ወር አሳልፌ አላውቅም» አሉና የእድር ካርዳቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡ። ሰባቱም ወር ተፈርሞበታል። እኔ ስጠራ ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጠርዙ በእጥፋት ብዛት ሳስቷል፣ ፊርማው ግን አንድ በአንድ ይነበባል።

የሆነው ይህ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ተቀይረው ነበር። የቀድሞው የሴትዮዋን ስም በ«ፀ» ጽፈውታል፤ አዲሱ በ«ጸ» ፈልገው አጡት፣ አዲስ አባል መስለዋቸው እንደገና መዘገቧቸው። ሰባት ወር የተከፈለው ብር በሁለተኛው መዝገብ ገባ፤ እናታቸው ግን የተመዘገቡት በመጀመሪያው ነው። ኮምፒውተሮች ፊደላትን በቁጥር የሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የየራሱን ቁጥር ሰጥቶታል፤ ትልቅ ውለታ ነው፣ ያለ እሱ ይህ ሥራ አይታሰብም። ለማሽኑ ግን «ፀ» እና «ጸ» በድምፅ አንድ መሆናቸው አይታወቀውም፤ እንደ «ፀ» እና «መ» የተራራቁ ናቸው። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ተብሎ በ6 ዓይነት ይጻፋል፤ ሥ ደግሞ በ2። ይህ ብቻ 12 አጻጻፍ ነው። ሁለቱ ቃላት ሲያያዙ፣ ሲለያዩ፣ በእዝባር ኃ/ሥላሴ ተብለው ሲያጥሩ ሌላ ይጨምራል። አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች።

መፍትሔው ስሙን ማረም አይደለም፤ ሰው ስሙን በፈለገው ፊደል የመጻፍ መብት አለው፣ በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እንደተጻፈለት። ያደረግሁት ከእያንዳንዱ ስም ጀርባ የማይታይ ሌላ ስም ማስቀመጥ ነው፤ ሞክሼዎቹ ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ የተጠቀለሉበት፣ ፍለጋው በእሱ ብቻ የሚሄድ። ከዚያ በየእድሩ እየሄድኩ ከጸሐፊዎቹ ጋር ሁለት ጊዜ የተመዘገቡትን አንድ በአንድ ለየን። ሁለት ወር ፈጀ። ለእነዚያ ሁለት ወራት ማንም አልከፈለኝም፤ ማስከፈልም አይገባኝም ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወደ ሴትዮዋ ለቅሶ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ጽሕፈቱ ነው እንጂ አንተ ምን አደረግህ ልጄ» አሉኝ። ለእኔ ግን እስካሁን አልቀለለኝም። በሐዘናቸው ቀን፣ ሰው ፊት፣ ያልከፈሉ ተደርገው ቆመዋል።

«ዕድሜ ልክ ይሸጣል» የሚለውም እንዲሁ ነው። በእኛ አገር የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው። ሕጉ አለ። ፍላሽም አለ። አንድ እድር የገዛውን የጎረቤት እድር ጸሐፊ በአንድ ከሰዓት ይገለብጠዋል፤ ስርቆት ነው ብሎም አያስብም፣ ድንኳን እንደ መዋዋስ ነው የሚቆጥረው። መጀመሪያ እናደድ ነበር፣ ቁልፍና ኮድ እየጨመርኩ ጊዜ አባከንኩ። ቆይቶ ግን አንድ ነገር አየሁ፦ የገለበጡት ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይደውላሉ። ደንባቸው ከጎረቤቱ ደንብ ስለሚለይ ሒሳቡ አይገጥምላቸውም። ያኔ መጥቼ አስተካክላለሁ፣ አሠለጥናለሁ፣ የአገልግሎት ይከፍላሉ። ሰው የሚገዛኝ ፋይሉን አይደለም፤ ሲደውል የማነሳ መሆኔን ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ስለዚህ ሥራ ዋጋ ሊናገር አይችልም።

ወደ ጠባብነቱ ልምጣ። የጽሑፉ ጸሐፊ «ለጥቂት ሰው የሚሆን ነገር ሠርቶ ገበያ የለም ማለት አይቻልም፤ ሁሉም የሚፈልገውን ይሥራ» ይላሉ። ሁሉም የሚፈልገው ነገር ከውጭ ተሠርቶ ሞልቷል። ተጠቃሚውን የአያት ስም እንደ ቤተሰብ መጠሪያ ይጠይቀዋል፤ እኛ የቤተሰብ መጠሪያ የለንም፣ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ዓመቱ 12 ወር ነው ይላል። «ቀብር 9 ሰዓት» ተብሎ ሲገባለት መልእክቱን ለጠዋት 3 ሰዓት ያዘጋጃል። እነዚህ እንኳ ቀላሎቹ ናቸው።

ጣና ዳር የጀልባ ሠራተኞች የሚበዙበት አንድ እድር አለ። ሌሎች እድሮች መዋጮ የሚሰበስቡት እሁድ ነው። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ግን የሚበዛው እሁድ ነው፤ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሻገር እንግዳ የሚመጣው ያን ቀን ነውና። ስለዚህ ደንባቸው በማግስቱ ሰኞ ለከፈለ ቅጣት የለውም ይላል። ይህ ለእኔ አንድ ተጨማሪ መስመር ነው፤ ለእነሱ ግን ሳይጣሉ የሚያድሩበት ነገር ነው።

እዚያው እድር ሌላ ጉዳይ ተነሣ። አንድ አባል በሕፃንነቱ ወላጆቹን አጥቶ ያሳደገችው አክስቱ ናት። አክስቱ ስትሞት ደንቡ «አባት፣ እናት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ» ብቻ ስለሚል ገንዘብ አይሰጠውም ተባለ። ጉባኤው ላይ ተነሥቶ «እናቴ እሷ ነበረች» አለ፤ ሌላ የጨመረው ነገር የለም። አባላቱ እስከ እኩለ ቀን ተከራክረው አሳዳጊ እንደ ወላጅ ይቆጠር ብለው ወሰኑ። ቃለ ጉባኤውን ጸሐፊው በስልካቸው አንስተው ላኩልኝ። እኔም ዓምዱን ልጨምር ስቀመጥ ጥያቄ መጣብኝ፦ ወላጆቹም አሳዳጊውም በሕይወት ያሉለት አባልስ? ለሦስቱም ይከፈለዋል? ከመጻፌ በፊት ሄጄ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ፤ ይህን አላሰቡትም ነበር። በሚቀጥለው ጉባኤ በወላጅነት የሚመዘገበው ከሁለት ሰው እንዳይበልጥ፣ ማንን እንደሚያስመዘግብ ግን አባሉ ራሱ እንዲመርጥ ወሰኑ። አሁን ደንባቸው ላይ ተጽፏል፤ ፕሮግራሙም ላይ አለ። ሌሎች ሦስት እድሮች ይህንኑ አይተው ደንባቸውን አሻሽለዋል።

ጠባብ የተባለው ይህ ነው። ስፋቱ የሚታየው ውስጡ ለገባ ሰው ነው። በዚህች ከተማ እድር የሌለበት ሰፈር አላውቅም። ሰው ሲቸገር መጀመሪያ የሚደርስለት ተቋም መዝገቡ የተስተካከለ ሊሆን ይገባል፤ ይህን ሥራ ትንሽ ነው ብሎ የሚተወው ባለሙያ ከበዛ፣ ማንም አይሠራውም። በአንድ ነገር ግን የጽሑፉ ጸሐፊ ትክክል ናቸው፤ «ሥልጠናም ያስከፍል» ይላሉ፣ እኔም ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ። ሁለት ዓመት ያህል እንደ ውለታ እያየሁት በነፃ አሠለጠንኩ፤ በዚያ ጊዜ የቤት ኪራዬን የከፈለችው እህቴ ናት።

በየወሩ ማስከፈልን በተመለከተ፣ ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። የእድር ገንዘብ ግን የግለሰብ ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘብ ያዡ ያለ ጉባኤ ውሳኔ ሳንቲም አያወጣም። በየወሩ ጉባኤ ጠርተው ለእኔ ክፍያ ሊያጸድቁ አይችሉም። ካርድ የሚያስገቡበት፣ በራሱ ጊዜ የሚቆርጥ ሥርዓትም የላቸውም። ቴሌብር ከ2013 ግንቦት ጀምሮ መዋጮ መሰብሰቡን ብዙ አቅልሎልናል፤ ውሳኔውን ግን አይተካም። ስለዚህ በዓመት አንዴ፣ ጥቅምት ላይ፣ ዓመታዊ ሒሳብ ከተመረመረ በኋላ እንዲከፍሉ ተስማማን።

ያም ቢሆን የዓመት ውል የራሱ አደጋ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። እኔ የመጠባበቂያ ቅጂዎችን የማስቀምጥበትን ሰርቨር በዶላር ነበር የምከራየው፤ እድሮቹ ደግሞ ለዓመቱ የተስማማነውን በብር ከፍለው ጨርሰዋል። ተመልሼ ጨምሩልኝ ልላቸው አልቻልኩም፤ የለቅሶ ገንዘብ ነው። የዚያን ዓመት ትርፌ በሰርቨሩ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱን ቀየርኩት፦ መረጃው በእድሩ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፣ ሁለት ፍላሽ ቅጂ አንዱ ገንዘብ ያዡ ጋ፣ አንዱ ሰብሳቢው ጋ ይሆናል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። በዘመኑ ፋሽን ኋላ ቀር ሊባል ይችላል፤ እዚህ ግን የሚሠራው ይህ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን እጠቀማለሁ። ቀን የሚቀይር ኮድ ሲጽፍልኝ፣ እኔ በ2012 የሳትኳትን ቁጥር አልሳታትም። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን «ወላጆቹም አሳዳጊውም ያሉለትስ?» ብሎ ጣና ዳር ሄዶ የሚጠይቅ፣ ካርዱን ከመቀነት ሲፈታ የሚያይ፣ ሲሳሳት ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ሥራ አልቀነሰም። ዋጋዬ የሚተመነው በዚህ ነው። ኮዱ ከሥራዬ ሩብ አይሞላም ብል አላጋነንኩም።

አዲስ አበባ ግባ ለሚለው፣ ደንበኞቼ እዚህ ናቸው። ጳጉሜ 6 ቀን ከአዲስ አበባ ሆኜ ፍላሽ ላደርስ አልችልም ነበር።

ለፖሊው ተማሪም ይህንኑ ነገርኩት፤ ቀላል እንዳልሆነ፣ ግን ሊሠራ እንደሚችል። ሥራው እንዴት እንደሚዋል ማየት ስለፈለገ ነገ አብሮኝ ይመጣል። ሽምብጥ ያለው እድር ኮሚቴ ቀይሯል። አዲሷ ጸሐፊ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ በአማርኛ መጻፍ እንጀምራለን፣ ከዚያ የራሳቸውን ስም በሁሉም ሞክሼ ፊደል እየጻፉ ፕሮግራሙ ያገኛቸው እንደሆነ ይፈትኑታል።